የሙሽራው መኪና የእጅ ፍሬን

የእህቴ ልጅ የሃያት ሰርግ በተነሳ ቁጥር ዘመድ ሁሉ ስለ እኔ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። ታሪኩ ያስቃል፤ እውነት ግን አይደለም። ሰርጉ የተደረገው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመጣው የለንደን ሰመር ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ዘንድሮ ግን ከሦስቱ አንዱ፣ ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚመለከታቸው ሰው፣ «ጻፊው ልጄ፤ ስሜን ብቻ ቀይሪልኝ» ስላሉኝ ብዕር አነሳሁ። እሳቸውን ጋሽ ኑረዲን እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

የምሠራው ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን፣ ከመጋዘኖቹ መሃል በተወሸቀ አንድ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋራዡ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖችን ያድሳል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። የዕቃ ክፍሉን ነው የምይዘው። ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ጎሚኒው፣ መብራቱ የት እንዳለ ጠይቁኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። በልጅነቴ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እንግሊዝኛውንም እዚህ በማታ ኮሌጅ ነው የተማርኩት።

ዘግይቶ የተማረ ሰው መጽሐፍ ያከብራል፤ ትንሽም ይፈራል። የታተመ ነገር ሁሉ ልክ ይመስለኝ ነበር። ጋራዡ ውስጥ በየመኪናው ዓይነት ወፍራም የዕቃ መጽሐፍ አለ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በሥዕል ተበትኖ የሚታይበት። ሌሎቹ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ኳስ ሲከራከሩ እኔ እሱን አነብ ነበር። «ዘሃራ ልብ ወለዷን ይዛለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ችግሩ መኪኖቹ መጽሐፉን አለማንበባቸው ነው። መጽሐፉ የዚህ ሞዴል የኋላ መብራት ክብ ነው ይላል፤ በር ላይ የቆመችው መኪና ሞላላ መብራት ይዛ ትመጣለች። መጽሐፉ የዳሽቦርዱ ብሎን ጥቁር ነው ይላል፤ ስንፈታው ነጭ ይወጣል። ባለቤቶቹ «ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲሁ ነበረች» ብለው ይምላሉ። እኔ አላምናቸውም ነበር። አንድ ሰው ቀይሮት ነው እንጂ ፋብሪካ እንዴት ይዛባል?

አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት ሚስተር አለን ሻዩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ረጅም፣ ወገቡ ጎበጥ ያለ፣ እጁ ከዘይት የማይጠራ ሰው ነው።

«እነዚህን መኪኖች በእጅ ነው የገጣጠሟቸው» አለኝ። «የአዲሱ ዕቃ ሳጥን ባዶ ሲሆን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ያለፈውን ዓመት ሳጥን ይከፍታል። ስለዚህ መኪናዋ መቼ ተሠራች ብለሽ አትጠይቂ። በዚያን ዕለት መደርደሪያው ላይ ምን ተርፎ ነበር ብለሽ ጠይቂ።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው የሚዋጥ አልነበረም። ጥቂት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ ግን በስልክ ዕቃ ለሚጠይቅ ሁሉ «አሮጌውን ይዘው ይምጡ» ማለት ጀመርኩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሲገዛ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰው የተሰበረውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ከሻጩ ዕቃ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያል። ሚስተር አለን ነገሩን ወደደው። «ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘሽው?» አለኝ። «ከየትኛውም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ነው የተግባባነው።

ሚስተር አለን የራሱ ሁለት መኪኖች ነበሩት። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ጣራቸው ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጡ። ለማያውቅ መንትያ ናቸው። የሚለያዩት በእጅ ፍሬናቸው ነው።

የአንደኛዋ እንደ ማንኛውም መኪና ነው። እጀታውን ወደ ላይ ትስቡታላችሁ፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ይይዛል። ለመልቀቅ ጫፉ ላይ ያለችውን መጫኛ ተጭናችሁ ታወርዱታላችሁ። የሁለተኛዋ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስባችሁ መጫኛዋን ካልተጫናችኋት አይዝም። ለመልቀቅ ደግሞ መጫኛዋ አትነካም፤ የያዘውን እጀታ እንደገና ትንሽ ሳብ ካደረጋችሁት በራሱ ዘሎ ይወርዳል። ለእሽቅድምድም ነው አሉ፣ ፈጥኖ ለመነሳት። ፋብሪካው ይህን ዓይነት እየተወ በነበረበት ጊዜ ከአሮጌው ሳጥን የተረፈው ለዚህች ደረሳት።

አሁን ወደ ሰርጉ።

ሙሽራው ሳሚር እዚሁ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ያደገ ልጅ ነው። አሮጌ መኪና ሲያይ አንገቱ የሚዞር። ሃያት ይህን ስለምታውቅ ከሰርጉ በፊት መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ያችን ቀይ መኪና ሰውየውን ጠይቂልኝ። ሰርፕራይዝ ላደርገው ነው።»

ሰው ማስቸገር አልወድም። ዕቃ መዋስ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ግን ሃያትን እምቢ ማለት አልችልም፤ ማንበብ ስጀምር ፊደል አብራኝ ያጠናች ልጅ ናት፣ እሷም የመጀመሪያ ክፍል፣ እኔም የመጀመሪያ ክፍል። ሚስተር አለንን ጠየቅኩት። ሳያቅማማ እሺ አለ። «አንቺ ካለሽ ምንም አትሆንም» አለኝ። ያቺን ቃል እንደ አደራ ነው የተቀበልኳት።

ሳሚር መንጃ ፈቃዱ የአውቶማቲክ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እነዚህ መኪኖች ደግሞ ማርሻቸው በእጅ ነው። ሃያት ለቀናት ሳቀችበት። እንዲነዱ የተመረጡት አጎቱ ጋሽ ኑረዲን ናቸው። ጋሽ ኑረዲን በደህናው ዘመን አሰብ መስመር የጭነት መኪና የነዱ፣ እዚህ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ የሚነዱ ሰው ናቸው። አንድ አደጋ አድርሰው አያውቁም፤ ይህንንም ለማንም ሳይነግሩ አያድሩም። ጥንቃቄያቸው ተረት ነው። ቤታቸውን ቆልፈው በሩን ይገፉታል፤ ደረጃ ወርደው ተመልሰው ይገፉታል። ሲቀልዱባቸው «ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ ነው የተባለው። እኔ ገመዱንም አይቼ ነው የምመካው» ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በዚያ ዓመት ሐበሻ ሁለት ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ ወሬው ምርጫ ነበር። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ተኮራርፎ ይወጣል። የሃያት አባትና የሳሚር አባትም በሽምግልናው ዕለት ክፉኛ ተነጋግረው፣ በመሃል ሰው ገብቶ ነው ኒካሑ የታሰረው። ለሰርጉ «ሙሽራዋ እስክትወጣ ፖለቲካ የሚያነሳ የለም» ተብሎ ለሁለቱም ወገን ተነግሯል። ሁሉም ይስቃል፤ ግን ሁሉም ሸክላ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው የሚረግጠው። አንድ ነገር ቢሰበር ማን ሰበረው እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ኑረዲን በሳምንቱ መጀመሪያ ጋራዡ መጥተው የተለማመዱት በመጀመሪያዋ መኪና፣ በደህናዋ ነው። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሄደን ስንከፍት ግን ጋራዡ በቤንዚን ሽታ ታፍኗል። ከመኪናዋ ሥር ይንጠባጠባል። ሚስተር አለን አንገቱን ነቀነቀና የሌላዋን ሽፋን ገፈፈ።

«ይቺኛዋን ትወስዳላችሁ» አለ። «ግን ፍሬኗን ላሳያችሁ።»

አሳያቸው። እኔም በአማርኛ ደገምኩላቸው። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አይደለም፤ በሁለት ቋንቋ የገባ ነገር አይረሳም ብዬ ነው። ጋሽ ኑረዲን ሳቡ፣ ተጫኑ፣ ለቀቁ። ሳቡ፣ ተጫኑ፣ ለቀቁ። «ገባኝ። ይህማ እንደ ግትር በቅሎ ነው፤ ስትጎትታት ትሮጣለች» አሉ። ሚስተር አለን ሌላም ምክር ጨመረ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከጠፋ አልነሳም ስለሚል አጭር መቆሚያ ላይ ባያጠፉት ይሻላል።

ጋሽ ኑረዲን ሙሽራውን ሊያመጡ ወደ ዋይት ሲቲ ሄዱ። እኔ በባቡርና በባስ ወደ ስትሪትሃም፣ ወደ እህቴ ቤት መጣሁ። መንገድ ላይ መጽሐፍ ይዤ ነበር። አንድ ገጽ አላነበብኩም።

የእህቴ ቤት ያለው ከትልቁ ጎዳና ወደ ላይ በምትወጣ መንገድ ላይ ነው። ኮረብታ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ኳስ ብታስቀምጡ ጎዳናው ድረስ ይወርዳል። ሙሽራው ሲመጣ የሙሽራዋ እህቶችና ጓደኞች በር ዘግተው አናስገባም ማለታቸው የታወቀ ነው። የእህቴ በር ግን ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛ አይበቃውም። ስለዚህ የሃያት ታናሽ እህት ኢማን ዘዴ አመጣች። «በሩ ምን ያደርግልናል? መኪናውን ነው የምንዘጋው» አለች።

መኪናዋ ከላይ በኩል ታጥፋ፣ ጥሩምባዋን እየነፋች መጣች። ኢማንና ጓደኞቿ እጃቸው በሒና ተስሎ፣ አብረቅራቂ ቀሚስ ለብሰው ከፊቷ ተደረደሩ፤ ጀርባቸው ወደ ቁልቁለቱ። ጋሽ ኑረዲን ከቤቱ ፊት ለፊት አቆሙ። ድቤው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ወጥቷል።

እኔ ግርግር ስለማልወድ የቤቱ ደረጃ ላይ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። ጣራዋ ክፍት ስለሆነ መኪናዋ ውስጥ ያለው ሁሉ ከላይ ይታየኛል። ጋሽ ኑረዲን ማርሹን አወጡ። እጀታውን ሳቡ፣ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ያዘ። «ጎበዝ» አልኩ በሆዴ። ሞተሩ እየሠራ ነው። በር ከፍተው ወረዱ። በሌላ መኪና ተከትለው የደረሱት ሚዜዎች «ጋሼ፣ ይምጡ፣ ሽማግሌ ነው የጠፋው!» እያሉ ክንዳቸውን ያዟቸው፤ የሚደራደር ትልቅ ሰው ያስፈልጋልና።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ምን እንዳደረጉ አልታየኝም፤ ጀርባቸው ጋረደብኝ። ከዚያ እየጎተቱ ወሰዷቸው።

ሳሚር በበኩሉ ሰው እንዲያየው ከፊት ወንበር ተነስቶ ከኋላ፣ የታጠፈው ጣራ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። መነጽሩን አድርጎ እንደ ንጉሥ እጁን ያውለበልባል።

ያኔ ነው መኪናዋ የተንቀሳቀሰችው። ስንዝር አትሞላም። ግን ተንቀሳቀሰች።

ልጃገረዶቹ ጮኹ፤ በደስታ ነው የጮኹት። «ሊገፉን ነው! ያዙ!» አለች ኢማን። ሁሉም መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ደገፉ። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ትገፋለች፤ ሹፌሩ ሊያስፈራራቸው መስሏቸዋል። እነሱም መልሰው ይገፋሉ። ሳሚር ከላይ ሆኖ «አትችሉም! አትችሉም!» እያለ ይስቃል። ልጆቹ የሚያወዛውዙት መስሎታል። ከፊቱ ያለው የሹፌር ወንበር ባዶ መሆኑን ልብ አላለም። ልጃገረዶቹ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ የሚያዩት የሚውለበለብ እጅ ብቻ ነው።

ማንም ያላሰረውን ብረት ልጆች እየሳቁ በመዳፋቸው ይዘውታል። ከጀርባቸው ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ በታች አውቶቡስ የሚተላለፍበት ጎዳና።

«ፍሬኑ!» አልኩ። ድምፄ ከጉሮሮዬ አልራቀም። እኔ ጮኬ አላውቅም፤ የማታ ክፍል ውስጥ እንኳ አስተማሪዋ «እባክሽ ከፍ አድርጊው» ትለኝ ነበር። ደግሜ ሞከርኩ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ የጮህኩላት መስሏት እልልታዋን ጨመረች።

የኢማን ተረከዝ አስፋልቱ ላይ መንሸራተት ሲጀምር አየሁ። ሳቋ ፊቷ ላይ ነበር፤ ክንዷ ግን ይንቀጠቀጣል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። በሰው መሃል ተሹለክልኬ በሹፌሩ በኩል ደረስኩ። በሩን መክፈት አልመጣልኝም። እንደ እህል ጆንያ በሆዴ በሩ ላይ ተጋደምኩና ጭንቅላቴን ወደ ታች አድርጌ ገባሁ። እጀታው ወለሉ ላይ ተኝቷል። በሁለት እጄ ሳብኩት፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። መኪናዋ ነቅነቅ አለችና ቆመች።

«አቆምናት!» ብለው ልጃገረዶቹ ጮኹ። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ።

እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ መኪና ውስጥ፣ እግሬ አየር ላይ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ልክ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ ኖሯል። የሰርጉ ካሴት ላይ ዛሬም ድረስ የምታዩት አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ ሲወራጭ ነው።

ሳሚር ከላይ ሆኖ አጎንብሶ አየኝ። «እትዬ ዘሃራ! ምን እያደረጉ ነው?»

ኢማን ቀድማ መለሰችለት። «አክስቴ መኪናችሁን ማረከቻት! አክስቴ፣ እንዳትለቂ! ዶንት ሌት ጎ!»

«እትዬ ዘሃራ? እኚያ ዝምተኛዋ?» አለ አንዱ ሚዜ። «ሰው አይታመንም ወላሂ!»

ቀና አልኩ። እጄ እጀታው ላይ ነው፤ ፍሬኑን አላመንኩትም። በመኪናዋ ዙሪያ ሳቅ ብቻ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ጋሽ ኑረዲን ከሁለቱ አባቶች መሃል ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው እያሳቋቸው ነው። ሁለቱ አባቶች ከሽምግልናው ወዲህ ጎን ለጎን ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። አሁን «መኪናዋ ፍሬን አልነበራትም» ብል ምን እንደሚከተል ቁልጭ ብሎ ታየኝ። «ልጆቻችንን ሊፈጁብን ነበር» ይላል አንዱ። ሌላው ይመልሳል። ከዚያ ፍሬኑ ይረሳና ምርጫው ይነሳል። አደጋ አድርሰው የማያውቁት ሰውዬ ደግሞ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ምን ይሆናሉ?

ግን ሹፌር ያስፈልገኛል፤ አሁኑኑ። ልጆቹ አሁንም ከፊት ናቸው።

«አልለቅም!» አልኩ። ድምፄ ወጣ። እኔም ደነገጥኩ። «ጋሽ ኑረዲን ራሳቸው መጥተው ካልለመኑኝ አልለቅም!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሚዜዎቹ ሮጠው ሄዱ። ጋሽ ኑረዲን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደ ተከሳሽ ጎንበስ እያሉ መጡ። «እመቤቴ፣ ማሩን! ሙሽራዋን ከልክሉን፣ መኪናዋ ግን ምን አደረገቻችሁ?» እያሉ በሩ ጋ ደረሱ። ያን ጊዜ እጄን አዩ። እጄ የያዘውንም አዩ።

ፈገግታቸው እዚያው ቀረ።

«ይግቡ» አልኳቸው በዝግታ። «እግርዎን ፍሬን ላይ ያድርጉ። ከዚያ ነው የምለቀው።»

ገቡ። እግራቸው ፍሬኑን ሲረግጥ እጄን አነሳሁ። ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። «ደግሜ ሳብኩት እንዴ?»

«አዎ።»

«ላረጋግጥ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽዬ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። ከዚያ በትልቅ ድምፅ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ «ተሸንፈናል! የሴቷ ወገን ኃይለኛ ነው!» አሉና መሪውን ወደ እግረኛው መንገድ ጠርዝ አዙረው ጎማውን አስደገፉት። ልጃገረዶቹ እየጨፈሩ ገለል አሉ። እኔ ተመልሼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሃያት ተሸፋፍና ስትወጣ አጠገቤ ቆም አለች። «አክስቴ፣ አንቺ? ሲሪየስሊ?» አለችኝ። «በይ ሂጂ፣ ሙሽራሽ ይጠብቅሻል» አልኳት። ሃያት ከፊት ተቀመጠች፤ ሳሚር ለልጅ እንኳ በማትበቃው የኋላ ወንበር እንደ ጓዝ ተጣጥፎ ገባ። ጋሽ ኑረዲን ነድተው አዳራሹ ድረስ አደረሷቸው። እንደዚያ ቀን ቀስ ብለው ነድተው አያውቁም አሉ፤ ብስክሌት ሁሉ ቀደማቸው።

አዳራሹ ውስጥ እራት ከተበላ በኋላ ፈልገው አገኙኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። 

«ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«ምን ብዬ ልናገር? የደረሰ ነገር የለም።»

«ኢማን ከፊት ነበረች።»

«ነበረች። አሁን እዚያ እየጨፈረች ነው፤ ይዩዋት።»

አዩዋት። ጫማዋን አውልቃ እየዘለለች ነበር። ጋሽ ኑረዲን መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሁሉ ጠረጉ። «ሰው ስላላረጋገጠ ሲጠፋ አይቻለሁ» አሉ። «ስላረጋገጠ የጠፋ የመጀመሪያው ሰው ግን ዛሬ እኔ ልሆን ነበር።» ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። እኔም ሳቅኩ። 

ለሚስተር አለን ግን መንገር ነበረብኝ፤ አደራ ነውና። መኪናዋ ስትመለስ ኮፈኗን ዞሮ አያት። በሰም የተወለወለው ቀይ ቀለም ላይ የልጃገረዶቹ መዳፍ በመዳፍ ላይ ተነባብሮ ታትሟል። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ሰውዬው ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። «ፍሬኗን ቀይሬ እንደ እህቷ ላደርጋት ነው» አለ።

እስቲ እኔን እዩኝ፤ ሁሉም መኪና እንደ መጽሐፉ ይሁን ስል የኖርኩትን። «ተዋት» አልኩት። «እንዲህ ሆና ነው የተወለደችው። ስትቆም ከጎማዋ ሥር ታኮ እናድርግላት፤ ይበቃታል።» ታኮ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። እኛ አገር የጭነት መኪና ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር የሚሸጉጣት እንጨት ወይም ድንጋይ ናት። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ቁራጭ እንጨት ቆርጬ አስቀመጥኩ፤ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የሌለች ብቸኛ ዕቃዬ እሷ ናት።

በዘመድ ዘንድ ግን ታሪኩ ሌላ ሆኖ ቀረ። ዘሃራ መጽሐፏን ጥላ፣ በአፍጢሟ ዘላ የሙሽራ መኪና የማረከች ሴት ሆንኩ። ሰርግ በተጠራሁ ቁጥር «መኪናችሁን ቆልፉ፣ እትዬ ዘሃራ መጣች» ይሉኛል። ካሴቱን እየከፈቱ ጫማዬን ለልጆቻቸው ያሳያሉ። መጀመሪያ ላይ አፍር ነበር። ቀስ በቀስ ለመድኩት፤ አሁንማ ካሴቱ ሲከፈት እኔም ቀርቤ አያለሁ። ልጃገረዶቹም እስከ ዛሬ መኪና ገፍተን አቆምን ብለው ይፎክራሉ። በእርግጥም አቁመዋታል፤ እኔ እስክደርስ የያዟት እነሱ ናቸው። እውነቱን ሳያውቁ እውነቱን ነው የሚናገሩት።

ዘንድሮ ኢማን ራሷ ተዳረች። እንደ እህቷ በዚያችው ቀይ መኪና ካልሆነ አላገባም ብላ ሚስተር አለንን ራሷ ለመነችው። አሁን አርጅቷል፤ ግን ሰም ቀብቶ ላካት። እንዲነዱ የተጠየቁት ጋሽ ኑረዲን ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ጺማቸው ነጭ ሆኗል። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሺ አሉ።

መኪናዋ እዚያው ስትሪትሃም፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ቆመች። ያሁኖቹ ልጃገረዶች ከፊቷ ተደረደሩ። ጋሽ ኑረዲን ሳቡ፣ ተጫኑ፤ ሁለተኛ አልነኩትም። ከዚያ ከወንበራቸው ሥር አንድ ነገር አውጥተው በሰዉ መሃል ወደ እኔ መጡ። በነጭ ሪባን የታሰረች ቁራጭ እንጨት ናት። እንደ አበባ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ዛሬ ረዳቴ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ቀሚሴን ሰብስቤ ጎንበስ አልኩና ታኮዋን ከጎማው ሥር ሸጎጥኳት። ከኋላዬ አንዷ «እትዬ ዘሃራ ዛሬም ጀመሩ!» ስትል ሰማሁ፤ ሁሉም ሳቀ። ልጃገረዶቹ ኮፈኑ ላይ ተደግፈው ባለ በሌለ ኃይላቸው ገፉ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

ጋሽ ኑረዲን ባርኔጣቸውን ብድግ አደረጉልኝ። ጻፊው ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።